ስምንተኛዋ መኪና

ጋሽ ጀርባን እናታቸው ባወጡላቸው ስም የሚጠራቸው ሰው ቢኖር ሚስታቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ሲቆጡ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ ጋሽ ጀርባ ናቸው። አርባ ዓመት በጀርባቸው ተኝተው የኖሩ ሰው ሌላ ምን ይባሉ? ተኝተው ስላችሁ ደግሞ አልጋ ላይ እንዳይመስላችሁ፤ መኪና ሥር ነው። ግማሹን ዕድሜ ጋራዥ ውስጥ በበያጅነት፣ የቀረውን አሮጌ መኪና ለሚገዙ ሰዎች በመፈተሽ። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያስጠራቸዋል። እሳቸው ካርቶናቸውን ያነጥፉና መኪናዋ ሥር ይገባሉ፤ ሲወጡ «ግዛ» ወይም «ተው» ይላሉ፤ በቃ። በዚያ ሰፈር ሻጭ ሁሉ ይፈራቸዋል፣ ገዢ ሁሉ ያምናቸዋል።

እንግዲህ እኚህ ሰው ደክሟቸዋል። ተኝተው ቢነሡ የሚለቅ ድካም አይደለም፤ አጥንት ውስጥ ገብቶ የተቀመጠ ነው። ጉልበታቸው ለመተኛት እሺ ይላል፣ ለመነሣት ግን ልመና ይፈልጋል። ሚስታቸው «አሁንስ አይበቃህም? መኪና ሥር እንዳለህ ተጎትተህ እንድትወጣልኝ ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «የልጄን መኪና ብቻ ላግኝላትና ካርቶኑን ለማንደጃ ውሰጂው» ይላሉ። ይህን ማለት ከጀመሩ ሁለት ወር ሊሞላ ነው።

ልጃቸው ከከተማ ርቀው ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን እየዞረች የምትለካ ሠራተኛ ናት። ጉድጓዱ ምን ያህል ወረደ፣ ውሃው ለሰው ይሆናል አይሆንም፣ ይህን ነው የምትመዘግበው። መሥሪያ ቤቷ መኪናዎቹን ሰበሰበና «ከሁለት ወር በኋላ የራሱ መኪና የሌለው ከመስክ ሥራ ይወጣል» አለ። ስድስት ዓመት ያጠራቀመችው ለአንዲት አሮጌ መኪና ይበቃል፤ ለሁለተኛ ሙከራ የሚተርፍ ግን የላትም። መንገዱ ደግሞ መንገድ ከተባለ ነው። ኮረት ነው፣ አሸዋ ነው፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ ነው፤ ሁለት ቀን ተነድቶ ሰው የማይገኝበት ጊዜ አለ። እዚያ መኪናዋ ብትሰበር ጮኻ የሚሰማት የለም። አባትየውን ያስጨነቃቸው ይኸው ነው።

ሰባት ቅዳሜ ሰባት መኪና አዩ። የመጀመሪያዋ ገና በጠዋቱ ኮፈኗ ይሞቃል። ሻጩ እነሱ ሳይደርሱ አስነሥቶ ሲያሟሙቃት ቆይቷል፤ በብርድ የማትነሣ መኪና ናትና። ሁለተኛዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ላይ የልጃገረድ ዕድሜ ታሳያለች፣ የፍሬን ፔዳሏ ላስቲክ ግን እንደ አሮጌ ጫማ ተረከዝ አልቋል። «ቆጣሪ ይመለሳል፣ ፔዳል አይመለስም» አሉ ጋሽ ጀርባ። ሌላዋን የመቀመጫ ቀበቶዋን እስከ መጨረሻው ጎትተው ሲያዩት ውስጡ በደረቀ ጭቃ ተጋግሯል፤ ጎርፍ ውስጥ ሰምጣ የወጣች ናት። አንዷማ፣ ይቅር ይበላትና፣ አራቱም ጎማ የሚሠራበትን ማርሽ ሲያስገቡላት እንደ ተቆጣ ሽማግሌ ጮኻ ቆመች። በየጊዜው ልጅቱ ተስፋ አድርጋ ትሄዳለች፣ በየጊዜው አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። እሳቸው በቤታቸው ያዳኗት መስሏቸዋል፤ እሷ ግን ከሥራዋ የምትወጣበትን ቀን እየቆጠረች ነው። በስምንተኛው ቅዳሜ የቀሯት ዘጠኝ ቀናት ነበሩ።

ስምንተኛዋ መኪና ባለ ኮፍያው የሚባለው ሻጭ ግቢ ውስጥ ነበረች። ሰውየው ተጫዋች ነው፤ ኮፍያውን ሲተኛም አያወልቃትም እየተባለ ይታማል። መኪናዋን ከሌላ ሰው የገዛት በቅርቡ ነው። አረንጓዴ ናት፣ ረጅም ናት፣ ከመሬት ከፍ ያለች ናት። ጋሽ ጀርባ ኮፈኗን በመዳፋቸው ነኩ፤ ቀዝቃዛ። አስነሡ፤ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ዘይቷን በጣታቸው አሽተው አሸተቱ፤ የተቃጠለ ነገር የለውም። ከግቢው ጀርባ ካለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ ወጥተው በከባዱ ማርሽ አንፏቀቋት፤ አንድም ነገር አልጮኸባትም፤ «ጤነኛ ናት» አሉ። ፔዳሏና ቆጣሪዋ እንኳ ተስማምተዋል። ልጅቱ ከጎናቸው ተቀምጣ መሪውን፣ መስታወቱን፣ ዳሽቦርዱን እየዳሰሰች ነበር። ለወራት ያልታየ ፈገግታ ፊቷ ላይ መጣ።

«አባዬ፣ ይቺ ናት አይደል?»

«ቆይ፣ ሥሯን ልይ» አሏት። እውነቱን ለመናገር እሳቸውም ልባቸው ወዷት ነበር።

ካርቶናቸውን አነጠፉና ገቡ። ሻንሲውን፣ ያንን መኪናዋን ከሥር የሚሸከመውን ረጅም ብረት፣ ከፊት ጀምረው በጣታቸው እየዳሰሱ መጡ። ጥቁር ቀለም ተቀብቷል፣ ለስላሳ ነው። በቀኝ በኩል፣ ከኋላው ጎማ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ጣታቸውን ከብረቱ በላይ ባለችው ጠባብ ቦታ ሰደዱ። ዓይን የማያይባት፣ ሞረድም የማይገባባት ቦታ ናት። ጣታቸው አንዲት ጎርባጣ መስመር ነካ። የብየዳ መስመር። ከቀኝ ወደ ግራ ሄዳ ጫፏ ላይ ትንሽ መለስ ያለች።

ጋሽ ጀርባ ግራኝ ናቸው። ከቀኝ ወደ ግራ የሚበይዱ፣ ሲጨርሱ እጃቸውን መለስ የሚያደርጉ፣ በዚያ ከተማ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሰው የገዛ እጁን ጽሑፍ አይስትም።

ያኔ ነጭ ነበረች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ገደል ገብታ ሻንሲዋ ለሁለት ተሰብሮ በጭነት መኪና ተጭና ነው ጋራዥ የመጣችው። «ይህ ብረት አይበየድም፣ ይቀየራል» ብለው ነበር። ባለቤቱ ግን «ኧረ ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ናት የምትነዳው፤ ምን አለበት?» አላቸው። ክፉ ሰው ስለሆኑ እሺ ያሉ እንዳይመስላችሁ። ከጠዋት ጀምሮ አምስት ሥራ ሠርተው ነበር፤ ዓይናቸው በጭሱ ቀልቷል፤ ሽንጣቸውን ገትረው ከመከራከር እሺ ማለት ቀለላቸው። ከውስጥ ብረት ደረቡ፣ በየዱ፣ ሞረዱ፣ ጥቁር ቀለም ቀቡ። ባለቤቱ የት እንደተሰበረች ፈልጎ አጣው። «እጅህ ይባረክ» አላቸው። በአስፋልት ላይ እንዲህ ያለ ብየዳ ዓመታት ይቆያል። ድንጋይ ላይ ግን አንዱ ጎማ ወጥቶ ሌላው ሲወርድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ብየዳው ባይለቅ እንኳ ከጎኑ ያለው ብረት ይሰነጠቃል። አሁን ይህን ጥፋታቸውን የሚያውቅ ሰው የለም። ከራሳቸው በቀር ማንም።

ከመኪናዋ ሥር ወጡ፤ ለመነሣት የልጃቸውን እጅ ፈለጉ።

«ተዪያት» አሉ።

«ምን?» አለች። «ለምን?»

«ዘይት ታቃጥላለች።»

ልጅቱ ገብታ ሞተሩን አስነሣችና ዞራ የጭስ ማውጫውን አየች። ሰባት ቅዳሜ አብራቸው የዋለች ልጅ ናት፤ ከእሳቸው ያልተማረችው የለም። «ጭሷ ሰማያዊ አይደለም፤ አታቃጥልም» አለች።

«ካምቢዮዋም ደህና አይደለም።»

«አሁን ሜዳው ላይ ነድተናት የለ? አንተው ‘ጤነኛ ናት’ አላልከኝም?»

«እንግዲህ እኔ ተዪያት ካልኩ ተዪያት!» ብለው ጮኹ። ጮኸው አያውቁም ነበር፤ ባለ ኮፍያው ከቢሮው መስኮት ብቅ ብሎ አየ።

የልጅቱ ዓይን እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ እኔ እኮ እጅ እጅ ብሎኛል። ሰባቱን ስትከለክለኝ ምክንያት ነበረህ፣ ሰማሁህ። አሁን ግን እየዋሸኸኝ ነው። አንተ ፈርተህ ነው፤ ቤት እንድቀመጥልህ ነው የምትፈልገው። እውነቱን ካልነገርከኝ አሁኑኑ ገብቼ ውሉን እፈርማለሁ።»

እንደምትፈርም ዓይኗ ላይ ያስታውቃል። ጋሽ ጀርባ ዙሪያውን አዩ፤ መሸሻ የለም። «ሻንሲዋ የተሰበረ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «የበየድኩት እኔ ነኝ። እንዳይታይ አድርጌ የሸፈንኩትም እኔ ነኝ።»

ልጅቱ አየቻቸው። ከዚያ ካርቶኑ ላይ በጀርባዋ ተኛችና ገባች። እሳቸው ተንበርክከው እጇን ወደ ቦታው መሩት። «ትንሽ ከፍ... ወደ ኋላ... እሷ ናት።» መስመሯን አገኘቻት። እጇን ግን ቶሎ አላወጣችም።

«እንደዚህ የበየድካቸው ሌሎችም አሉ?» አለች ከሥር ሆና።

«አሉ።»

«ስንት?»

«አልቆጠርኳቸውም።»

ወጥታ አቧራዋን አራገፈች። አልሰደበቻቸውም፣ አልጮኸችም፤ ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር። «ለሰውየው ንገረው» ብቻ አለች።

«ከነገርኩት እኮ ከእንግዲህ የሚጠራኝ የለም።»

«ታዲያ ደክሞኛል ስትል አልነበረም?» አለችና ሄዳ የግቢው በር አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ነገሩት። እውነቱን ከሥር እስከ ላይ ዘርዝረው ነገሩት። ባለ ኮፍያውም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አይ ጋሽ ጀርባ! ዋጋ ለማስቀነስ ብዙ ዓይነት ተንኮል ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም! በራስህ ላይ ትመሰክራለህ?» አለ። መለሱለት፣ ማሉለት። ትክ ብሎ አያቸውና ራሱ ሥሯ ገብቶ ዳሰሳት። «ይሄ እኮ የፋብሪካ ብየዳ ነው» ብሎ ወጣ። ወይ ጉድ! ያኔ ሥራቸው ከመጠን በላይ አምሮ ኖሯል፤ ዛሬ አጠፋሁ ቢሉ የሚያምናቸው ጠፋ። «ልጅህ ባትፈልጋት ምንም አይደል፤ ገዢ አላት። ከሰዓት በኋላ አንድ መምህር ከነቤተሰቡ ይመጣል፤ ሩቅ ያለ ትምህርት ቤት ተዛውሯል» አለ ባለ ኮፍያው።

ጋሽ ጀርባ ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር። ተናግረዋል፤ አልሰማ ካለ የሰውየው ጉዳይ ነው። ጉልበታቸው ሂድ ሂድ ይላቸዋል፣ ወገባቸው ተቀመጥ ተቀመጥ ይላቸዋል። ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። ፀሐዩ በረታ፤ እሷ ውሃ ገዝታ መጣችና ጠርሙሱን አቀበለቻቸው፤ ጠጥተው መለሱላት።

መምህሩ ከሚስቱና ከሁለት ትንንሽ ልጆቹ ጋር መጣ። ልጆቹ ገና ከመድረሳቸው አረንጓዴዋ መኪና ውስጥ ዘለው ገብተው በወንበር ተጣሉ። ባለ ኮፍያው ከሩቅ «እንዳውም ዕድለኛ ነህ! ጋሽ ጀርባ ዛሬ ጠዋት ፈትሸዋታል!» ብሎ ጮኸ። የመምህሩ ፊት በራ። እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «እርስዎ ነዎት? ስምዎን እኮ በሰፊው ሰምቻለሁ! እርስዎ ካዩዋትማ በቃኝ።»

ጋሽ ጀርባ ተነሡ። በዚህ ጊዜ የማንንም እጅ አልፈለጉም። «አትግዛት ልጄ» አሉ፤ ባለ ኮፍያው እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ገደል ገብታ የተሰበረች ናት። ስብራቷን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ በያጅ ነበርኩ። ሰውየው አላመነኝም፣ አንተ ግን እመነኝ። ልጆችህን በእሷ አትጫን።»

የመምህሩ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ሚስቱ ልጆቹን እየጎተተች ከመኪናዋ አወረደቻቸው። ባለ ኮፍያው በዚህ ጊዜ አልሳቀም።

«ፈታሿ እርስዎ ነዎት ሲሉኝ እኮ ነው ልቤ ያረፈው» አለ መምህሩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ግራ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። «እርስዎም እንዲህ ካደረጉ፣ እኔ አሁን ማንን ልመን?»

ዕድሜያቸውን «ግዛ» እና «ተው» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ለዚህ የሚሆን ቃል አጡ። ዞረው ልጃቸውን አዩዋት። እሷም መልሱን እየጠበቀች ነበር።