የባለቤት ስም

ጡረተኛው መካኒክ ከባሕር ማዶ ያስመጣት ቀይ የስፖርት መኪና መልኳ የአያት ዘመን ነው፤ ዕድሜዋ ግን ገና አንድ ዓመት። የጥንቷን አስመስለው የሠሯት ናት። ወደብ ላይ ስትጉላላ በከረመችባቸው ስምንት ወራት አፉን በከፈተ ቁጥር የሚያወራው ስለ እሷ ብቻ ስለነበር፣ ሚስቱ «ጣውንቴ ዛሬም አልመጣችም?» እያለች ትጎነትለው ነበር።

መኪናዋ ደርሳ ታርጋ ለማውጣት አብረው ሄዱ። በደስታ ቅጹን ሞላ። ጸሐፊዋ አየችውና ሳቋ አመለጣት።

«አባባ፣ ‹የባለቤት ስም› የሚለው የመኪናዋን ባለቤት ነው እኮ! የሚስትዎን ነው እንዴ የጻፉልኝ? ሌላ ቅጽ ልስጥዎት?»

ዞር ብሎ አየ። ሚስቱ ወረቀቱን ሁሉ የያዘውን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አግዳሚው ላይ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሻለች። ስምንት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ አብራው የተንከራተተችው እሷ ናት።

«ተይው ልጄ» አለ። «አልተሳሳትኩም።»

ሲመለሱ ነዳጁን ረገጥ ቢያደርገው፣ ሚስቱ ሊብሬውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጮኸችበት።

«ቀስ በል እንጂ አንተ ሰውዬ! የሰው መኪና እኮ ነው!»