አማትን ይዞ ላሊበላ መሄድ

ለገና ላሊበላን ሊሳለም የሚነሣ የአገሬ የቆሰበር ሰው ሁሉ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ይመጣል። ስንቅ ምን ይያዛል፣ ማደሪያ የት ይገኛል፣ ብርዱ እንዴት ነው ይለኛል። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ሄጄ መንገድ አዋቂ ተብዬ መቅረቴ ያስቀኛል፤ ቢሆንም እመልሳለሁ። በሶ ያዙ፣ እንጀራ መንገድ ላይ ይሻግታል። ጫማ ያላችሁ አቁማዳችሁ ውስጥ ክተቱት እንጂ ደጅ ጥላችሁ አትግቡ፤ ስትወጡ የምታገኙት የሌላ ሰው ነው፣ ያውም ዕድል ከቀናችሁ። ዋናውን ምክር ግን አማቴን ሳላነሣ ልነግራቸው አልችልም።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ባለቤቴ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት ተመለሰ። እናቱ ልጃቸው ከዳነ ለገና ሄደው ላሊበላን ሊሳለሙ ተሳሉ፤ እርሱም ዳነ። ስለት ደግሞ ለከርሞ አይባልም። ወሩ ታኅሣሥ ነውና ባለቤቴ ከአውድማው መለየት አልቻለም። የእናቱ ዓይን ደክሟል፣ ሰው በመልኩ ሳይሆን በድምፁ ነው የሚለዩት። ስንነሣ ክንዴን ይዞ «እናቴን አደራ» አለኝ። እስክመለስ ድረስ እንቅልፍ የነሣችኝ ይህች ቃል ናት።

እስከ ደብረ ታቦር በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በጋይንት አድርገን በእግራችን ሄድን። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አማቴ ዳገት ሲጀምሩ ልጅ ይሆናሉ፤ እኔ ተረከዜን እያሻሸሁ ስቀመጥ «ተነሽ እንጂ፣ ስለቱ ያንቺ ነው የሚመስለው» ይሉኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ በአገዎች ዘንድ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ነውር ነው። ገበያችን ውስጥ የአማቴ ሞክሼ የሆነች ጠላ ሻጭ ነበረች፤ እርሷን እንኳ «አንቺ ባለ ጠላ» እያልኩ ነበር የምጠራት፣ ሴትየዋም የናቅኳት መስሏት ታኮርፈኛለች። አማቴን ከሠርጌ ቀን ጀምሮ «እማማ» ብዬ ነው የኖርኩት።

የገና ማግስት ቤተ ክርስቲያናቱን ስንዞር ከቤተ ገብርኤል አጠገብ ካለው ጨለማ ዋሻ ደረስን። ሲኦል ይሉታል። ውስጡ ዓይን ቢከፍቱም ቢጨፍኑም አንድ ነው፤ ቀኝ እጅን ከግድግዳው ሳይለዩ፣ አንገትን ደፍቶ ማለፍ ነው። አማቴን አስቀድሜ የነጠላቸውን ጫፍ ጨብጬ ገባሁ። መሀል ላይ ከኋላ ሲገፉኝ አናቴ ከድንጋዩ ጋር ተጋጨ። ነጠላውን ለቅቄ ራሴን ያዝኩ፣ ወዲያው መልሼ ጨበጥኩ። ብርሃን ላይ ስንወጣ ነጠላዋን የያዝኩባት ሴት ዞር አለች። በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም።

«ልጄ፣ እስከ ቤቴ ልትከተይኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ወደ ዋሻው ልመለስ ብል ሰው እንደ ወንዝ ይወጣል፣ መግቢያ የለም። «እማማ!» ብዬ ጮህኩ። በአካባቢው ያሉ አሮጊቶች በሙሉ «አቤት» አሉ። በአገውኛ ብሞክር ደግሞ ከዳንግላና ከአዲስ ቅዳም የመጡት ዞሩ። ሁሉም የሰው እናት ናቸው፣ የኔ ባል እናት ግን የሉበትም። ባሌን ምን እለዋለሁ? ዓይኑን እንዴት አየዋለሁ?

መስቀል የያዙ አንድ ቄስ ልቅሶዬን ሰምተው ቀረቡ። «ስማቸው ማነው? ልጣራልሽ።»

«አልጠራውም አባ፣ አማቴ ናቸው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጣራ? የማይጠራው ስም ብዬ?»

እርሳቸው ሳቃቸውን ሲውጡ እኔ ተናደድኩ። በእርሳቸው ላይ ይሁን በራሴ ላይ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዋሻው በላይ ወዳለው ዐለት ወጣሁና፣ ያንን ስንት ዓመት በአፌ ያልዞረ ስም ከነአባታቸው ስም አውጥቼ ጮህኩት።

«አቤት!»

ከወዲያኛው በኩል፣ ከዋሻው መግቢያ ነው ድምፁ። አማቴ ግፊያው አልጥም ብሏቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። እፎይ! እንዴት እንደ ወረድኩ አላውቅም፤ እግራቸው ላይ ተደፍቼ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

«ስሜን ጠራሽው» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ጨንቆኝ ነው።»

ተቆጡ ብዬ ቀና ስል ፊታቸው እርጥብ ነው። «የልጄ አባት ከሞተ ወዲህ በስሜ የጠራኝ የለም። እኩዮቼም አለቁ። ለሁሉም እማማ ነኝ። እኔም ልረሳው ምንም አልቀረኝ» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ፊቴ ላይ አድርገው «እስቲ ድገሚው» አሉኝ። ቀስ ብዬ ደገምኩት። «አቤት» አሉ፣ አዲስ እንደተዳረች ልጅ አንገታቸውን ደፍተው።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ዋሻው ውስጥ ሳትገቡ፣ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ተነጋገሩ። አማታችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ስማቸውን ለመጥራት ፈቃዳቸውን ከቤት ሳትወጡ ጠይቁ፤ ላይቆጡ ይችላሉ።

ባለቤቴ መንገድ ወጥቶ ሲቀበለን «ይኸው አደራህ» ብዬ አስረከብኩት፤ የዚያን ዕለት የተኛሁት እንቅልፍ ዛሬም ይናፍቀኛል። አማቴም እንደ ድሮው እማማ ሆኑ። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ እንጨት ለቀማ ስንወጣና ሰው አለመኖሩን ሲያረጋግጡ ግን «እስቲ ጥሪኝ» ይሉኛል፣ እጠራቸዋለሁ። እስኪያርፉ ድረስ እንዲሁ ነበርን።

ስማቸውን እዚህ አልጽፈውም፤ ሰው ፊት ነውና።