የእሜቴ ጉልበት

ያ ክረምት ብርዱ እስከ ዱቄቱ ድረስ የገባበት ክረምት ነበር። ጆንያው ውስጥ እጄን ስከት ዱቄቱ እንደ እርጥብ አሸዋ ይቀዘቅዘኛል። ከዳቦ ቤታችን መስኮት ውጭ ዝናቡ ሲወርድ ይውላል፣ ከውስጥ ምድጃው ይነዳል፤ እኛ በሁለቱ መካከል ፊታችን እየተቃጠለ ጀርባችን እየበረደው እንሠራለን። ከዚያ በፊትም በኋላም ስንት ክረምት አልፏል፤ የትኛው የትኛው እንደነበር አሁን ይምታታብኛል። ያኛው ግን አይምታታብኝም። እህቴን ያጣሁበት ነው።

አባታችን ዳቦ ጋጋሪ ነበር። እናታችን እህቴን ወልዳ ብዙም አልቆየች። እኔ በሰባት ዓመት ስለምበልጣት አዝያት ሊጥ አቡክቻለሁ። አባባ "እሜቴ" ይላት ነበር፤ ለክብሯ አይደለም፣ ለሹፈት ነው። አንድ ትሪ ዳቦ ይዛ ከምድጃው ተነሥታ መደርደሪያው ጋ ሳትደርስ መሐል ላይ ታርፋለችና።

"እሜቴ፣ ወንበር ላምጣልሽ ወይስ አልጋ?" ይላታል።

"አልጋውን ካመጣኸው አይቀር ትራስም ጨምርበት፣ አባባ።"

ምላሷ አይደክምም ነበር። ስምንት ደረጃ ወጥታ ክፍላችን ስትደርስ ግን ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። "ምነው?" ስላት፣ "እኔ ደረጃውን አልወጣሁትም እትዬ፤ እሱ ነው እኔ ላይ የወጣው" ትለኛለች። እስቃለሁ። ደንበኞቹም ይስቃሉ። "ምን ጎደለባት? ዳቦ ጠግባ ታድራለች፣ ሥራ ሲመጣ ወገቧ ይቆረጣል!" የሚሉም ነበሩ፤ እየሰማች።

ሊጥ ኩፍ አልል ሲል ጋጋሪ የሚያደርገውን ያውቃል። ወደ ሙቀት ያስጠጋዋል፣ ስኳር ቢጤ ይጨምርለታል፣ ደህና አድርጎ ያሸዋል። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ከዚህ ሌላ ሙያ አላወቀም፤ ልጁንም በዚያው ዓይን አያት። ከምድጃው አፍ ሥር አቆማት። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ የስኳር ውሃ አጠጣት። "ሰውነቷ ይፍታታ" ብሎ ከማናችንም በላይ አሸከማት። ክፋት አልነበረበትም። ስኳሩን የማማስለው እኔ ነበርኩ፣ እኔም የጠቀምኳት መስሎኝ ነው። እሷ ግን ባሰባት። ሥራ ስንጨርስ ጭኗን ይዛ ትንሰፈሰፋለች፤ አስራ ዘጠኝ ዓመቷን ስትይዝ የዓይኗ ቆብ እንኳ አልነሳ ብሎ መውደቅ ጀመረ።

ዓይኗን አይታ የደነገጠችው ዳቦ ልትገዛ የመጣች ነርስ ናት። "ይቺን ልጅ ሐኪም ቤት ውሰዷት" አለችኝ፤ ወሰድኳት። ደም ቀዱ፣ ከጭኗ ላይ ጥፍር የምታህል ሥጋ ወሰዱ፣ ከወር በኋላ ተመለሱ አሉን። ስንመለስ ዶክተሯ፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት፣ ወረቀቱን ዘርግታ፣

"ሥራችሁ ምንድን ነው?" አለችን።

"ዳቦ ቤት ነው።"

"እንግዲያው ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም። እርሾ ሕይወት እንዳለው ታውቃላችሁ አይደል? በዓይን የማይታዩ ሴሎች ናቸው። ስኳሩን ይበላሉ፣ ጉልበት ያገኙበታል፤ ሊጡን የሚነፋው ከእነሱ የሚወጣው አየር ነው። እኛም የተሠራነው ከሴሎች ነው። በየሴሉ ውስጥ ደግሞ ምግቡን በኦክስጅን የሚያነዱ ጥቃቅን ምድጃዎች አሉ፣ ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ልብሽ የሚመታው፣ ዓይንሽ የሚገለጠው እነሱ በሚያወጡት ጉልበት ነው። የእህትሽ ምድጃዎች ከተፈጥሯቸው ደካሞች ናቸው። ማገዶ ሲጨመርባቸው ከመንደድ ይልቅ ይጨሳሉ።"

"ጭሱስ የት ይሄዳል?" አለች እህቴ።

"አሲድ ሆኖ ጡንቻሽ ውስጥ ይጠራቀማል። ከሥራ በኋላ ለሚያምሽ አንዱ ምክንያት እሱ ነው።"

ስለ ስኳሩ ውሃ ነገርኳት። ስለ ሙቀቱም፣ ስለ ሸክሙም። ዶክተሯ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ስኳሩ አይረዳትም፤ ሙቀቱና ሸክሙ ይጎዷታል" አለች። "ሳትራብ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ትብላ። በልክ ትራመድ። ደከመኝ ስትል ግን ማንም ተነሺ አይበላት። የሚያድናት መድኃኒት የለኝም፤ ያለኝ ይሄ ነው።"

እኔ ልቤ ቁርጥ ብሎ ስወጣ እሷ በደስታ ክንፍ አውጥታለች። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍን። በሦስተኛው፣ የሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

"እትዬ፣ ሰነፍ አይደለሁም ማለት እኮ ነው!"

"አይደለሽም።"

"ለአባባ አንቺ ንገሪው። እኔ ከነገርኩት ሰበብ ፈጠረች ይላል። አንቺን ያምንሻል።"

"እነግረዋለሁ" አልኳት። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዱቄት የሚያመጣልን ሾፌር፣ በኋላ ባሌ የሆነው፣ በዚያው ሰሞን ለትዳር ጠይቆኝ ነበር። አባባ ደግሞ "አንቺን የምድርሽ እሜቴ ሥራውን ስትችለው ነው፤ እስከዚያ ዳቦ ቤቱን ማን ላይ ጥለሽ?" ብሎኛል። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ወረቀቱን ካነበብኩለት እሷ ታርፋለች፣ እኔ ሳላገባ ሊጥ ማቡኪያው ገንዳ ላይ እቀራለሁ። ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል። ነገ እላለሁ፤ ነገ ተቆጥቶ ይውላል። ሰበብ መቼ ይጠፋል?

እሷ እኔ የነገርኩት መስሏት ጠበቀች። በአራተኛው ቀን ከሆቴል የታዘዘ ብዙ ዳቦ ነበረብን። ከሰዓት በኋላ አባባ ከምድጃው እየሳበ "እሜቴ፣ ያዥ! እሜቴ፣ ነይ እንጂ!" ይላል። ትሪውን ከመቀበሏ በፊት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሊጡን መቁረጥ ቀጠልኩ። ያዘች። አንዱን አደረሰች፣ ሁለተኛውን አደረሰች፣ ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ትሪው ከነዳቦው መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። እሷ ከጎኑ ናት። ጣቷን እንኳ ማንሳት አልቻለችም።

ሐኪም ቤት ሦስት ሳምንት ተኛች። በመጀመሪያው ቀን፣ አልጋዋ ሥር ቆመን፣ ወረቀቱን አውጥቼ ለአባባ አነበብኩለት። ይጮኻል ብዬ የፈራሁት ሰውዬ አልጮኸም። ኮፍያውን አውልቆ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

"ከምድጃው ሥር ያቆምኳት እኔ ነኝ" አለ። ቆይቶ፣ "ይሄ ወረቀት መቼ ነው የተሰጠሽ?"

"ባለፈው ሰኞ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም፣ ልጄ? ነግረሽኝ ቢሆን ሰው እቀጥር አልነበር?"

ይህን ያህል ቀላል ነበር። እህቴ ተኝታለች ብዬ ነበር፤ አልተኛችም። አንዱ ዓይኗ ብቻ ተገልጦ፣ "አልነገርሽውም?" አለችኝ። አልሰደበችኝም፣ አላለቀሰችም። ቢያንስ አንድ ቀልድ ብትወረውርብኝ ብዬ ጠበቅኩ፤ የሷ ቀልድ ለኔ ያለቀው እዚያ ነው።

ስትወጣ ቤት አልመጣችም። አጠገቧ ተኝታ ከነበረች የክርና የመርፌ ነጋዴ ጋር ተዋውቀው ነበር፤ ሴትዮዋ ደረጃ የሌለው ቤትና ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ አላት። አባባ ለመናት። እኔ ለመለመን አፍ አጣሁ። "በአንተ አልከፋም፣ አባባ፤ አንተ አላወቅክም" አለችው፤ ይህን ስትል ዞራ ያየችው ግን እኔን ነው። እሱ እስኪሞት ደብዳቤ ትጽፍለት ነበር። ለእኔ አልጻፈችም። እኔ ጻፍኩ፤ ስንቱን ቀደድኩት፣ ሁለቱን ላክሁ።

ባሌን አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ጉልበቴ ዛሬም ደህና ነው። ደረጃ ስወጣ ግን ልቤ ደህና ሲመታ ስሰማ አፍራለሁ።

ባሌ በሕይወት ሳለ ጭነት ይዞ ከወንዝ ማዶ በሄደ ጊዜ አይቷታል። ከአሮጌው ፖስታ ቤት ጎን፣ ምድር ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከነጋዴዋ ጋር ትኖራለች። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ክር ትጠቀልል ነበር። ይህ ከሆነ አስራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሰማሁት የለም።