እናቴ ያጠበችው አውሮፕላን

ሥራዬ ጭረት ማጥፋት ነው። እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ባለ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና እቀባለሁ፤ ባለቤቱ ሲረከበኝ የት ጋ እንደተጋጨ ራሱም እስኪጠፋው ድረስ። ቤቴ ስገባ ነገሩ ይገለበጣል። ናሕሊኤል ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳዋን በመስታወት አጥሬ ጠባብ ክፍል አውጥቻለሁ፤ እዚያ ውስጥ ትንንሽ የጦር አውሮፕላኖች እገጣጥምና አዲሱን አሮጌ ለማስመሰል ሳምንታት እፈጃለሁ። ሚስቴ ‹‹ሥራ ቦታ ያጸዳኸውን እዚህ መጥተህ ታቆሽሸዋለህ›› ትለኛለች። እውነቷን ነው።

የዚህ ሥራ ጣዕሙ እድፉ ላይ ነው። ክንፍና ጭራ ማጣበቅ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይችለዋል። አውሮፕላኑ ብዙ በርሮ፣ ብዙ ደክሞ የመጣ እንዲመስል ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ከሞተሩ ጭስ ማውጫ ኋላ ጥቀርሻ በክንፉ ላይ ይሳባል። መካኒኮች የሚረግጡት ቦታ ቀለሙ ይላጣል። ፀሐይ የሚመታው ጀርባ ይደበዝዛል፤ ሆዱ ሥር ደግሞ ዘይትና ጭቃ ይጋገራል። ይህን ሁሉ በቀጭን ብሩሽ፣ በስፖንጅ ቁራጭና እንደ ዱቄት በላመ ቀለም ነው የምሠራው። ዱቄቱ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ካልተረጨበት በጣት ይነሳል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት የያዝኩት ካርናፍ ነበር። ያንን ሆደ ሰፊ፣ ባለ አራት ሞተር የጭነት አውሮፕላን እዚህ አገር ካርናፍ ይሉታል፤ አውራሪስ ማለት ነው። እኔንና ቤተሰቤን ከአዲስ አበባ ያመጣን እሱ ነው። አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው የሞተሩን ጩኸትና ግንባሬ ላይ የለጠፉብኝን ቁጥር ያለባት ወረቀት ብቻ ነው። የቀረውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ ከነገሩኝ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የገነነው አንድ ታሪክ አለ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሸንቻለሁ ይላሉ። መሬት ላይ ተደርድረን በተቀመጥንበት፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እያየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ‹‹ሰማይ ላይ የሸናው›› ሆነ። ሠርግ ሲሆን፣ ወንድ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ባር ሚጽቫ ሲሆን፣ ገና ወንበር ሳልይዝ አንዱ አጎቴ ‹‹ሰማይ ላይ የሸናው መጣ! ነጠላችሁን ሰብስቡ!›› ይላል። ልጅ ሳለሁ ነገሩ ያንገበግበኝ ነበር። አንዴ የአጎቴ ልጅ ክፍል ውስጥ ተነስቶ ለተማሪው ሁሉ ሲያወራ ጥርሱን ሰበርኩት። አባቴ በቀበቶ ገረፈኝ። ካደግሁ በኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ሌሎች ሳይጀምሩ ራሴው መቀለድ ጀመርኩ።

ስለዚህም ቤት ኤሊዔዘር ሰፈር ያለው መትናስ፣ የሰፈሩ ሰው ለትምህርትም ለበዓልም የሚሰበሰብበት ቤት፣ ስለ አመጣጣችን ትንሽ ትርኢት ሊያዘጋጅ ነውና ካርናፍህን አምጣልን ሲሉኝ ያችን ቀልድ ልጨምርበት አሰብኩ። የኋላውን በር ከፍቼ ነበር የገጣጠምኩት፤ በእጅ ባትሪ ሲታይ ወለሉ ወለል ብሎ ይታያል። በስተግራ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ቡኒና ቢጫ ቀላቅዬ ጥፍር የሚያህል እርጥብ እድፍ ሠራሁ። እላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ጠብታ ጣል አደረግሁበት። እውነተኛ መሰለ። ራሴን አደነቅሁ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለእናቴ ነው። እናቴ የምትኖረው ቤት ኤሊዔዘር ነው። ሃያ ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ስታጸዳ ኖራ አሁን ጡረታ ወጥታለች። ዓርብ ዓርብ በገበያው በኩል አድርጋ፣ አትክልቷን በጋሪ እየጎተተች፣ በአውቶቡስ ወደኛ ትመጣለች። ያን ዕለት ባትሪውን አብርቼ ጎንበስ አደረግኋት።

‹‹ይኼ ምንድን ነው?›› አለችኝ።

‹‹የኔዋ ናት!›› አልኳት እየሳቅሁ። ‹‹ሂስቶሪያ፣ ታሪክ ናት፣ እማዬ!››

አልሳቀችም። ቀና ብላ መነጽሯን አወለቀች።

‹‹መትናስ ሲወስዱት ሰው ሁሉ ሊያየው ነው?››

‹‹ቤሴደር፣ እሺ፣ ይዩት! ሰው እንዲስቅ አይደል?››

‹‹አጥፋው። አፈር ስሆን አጥፋው፣ ነውር ነው።››

‹‹ነውሩ የኔ ነው፣ አንቺን ምን ቸገረሽ?›› አልኳት። ወደ ኩሽና ገባች። እኔም ወደ ጥቀርሻዬ ተመለስኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ከሥራ ስገባ ቤቱ በረኪና ሸተተኝ። ሚስቴ ገና አልመጣችም። እናቴ እንደ ልማዷ ውሃ ደፍታ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ስፖንጃ፣ የወለል እጥበት፣ ላይ ናት። በረንዳው በር ላይ ቆምኩ። ካርናፉ ልብስ ማስጫው ላይ፣ በኔ ካልሲና በሚስቴ ሸሚዝ መካከል፣ ፎጣ ተነጥፎለት ውሃው ይንጠባጠባል።

አንስቼ አየሁት። ቫርኒሹን ገና አልረጨሁም ነበርና የሁለት ወር ጥቀርሻዬ በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ ታጥቦ ሄዷል። ሆዱ ላይ የነበረው ጭቃ የለም። ከጅራቱ ቁጥሮች ሁለቱ ተልጠዋል፤ አንዷ አንቴና ተሰብራለች። ወለሉ ግን፣ ያ በስተግራ ያለው ቦታ፣ ቀለሙ ራሱ እስኪነሳና ነጩ ፕላስቲክ እስኪታይ ተፍቋል። እኔ ግን ያን ጊዜ ይህን ልዩነት ልብ አላልኩትም።

‹‹ናቂ አደረግሁልህ›› አለችኝ፤ ናቂ ማለት ንጹሕ ማለት ነው። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረ። አሁን ሳስበው ነው የሚሰማኝ።

ቁጣ ሲመጣብኝ አፌን የሚይዝልኝ የለም፤ ይህን አባቴም ሚስቴም ሲነግሩኝ ኖረዋል። ጮህኩ። ስለ ሁለቱ ወር፣ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ትርኢቱ ጮህኩ። ያ ሁሉ ባልከፋ። ከዚያ ግን ‹‹አንቺ ከመጥረግ ሌላ ምን ታውቂያለሽ?›› አልኳት። ‹‹ሃያ ዓመት የሰው እድፍ ስትጠርጊ ኖረሽ አሁን ደግሞ የኔን?››

እኔ ያደግሁት በዚያ መጥረጊያ ነው። የለበስኩት፣ የበላሁት፣ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ሳጥን እንኳ ያገኘሁት እሷ ትምህርት ቤቱን አጽድታ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የተናገርኩት፤ ጨርሼም አልደነገጥኩም። ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ቆሜ ነበር።

እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ‹‹ወጡን ሰንበት ሳይገባ ማሞቂያ ፕላታው ላይ አድርጉት፣ እንዳይቀዘቅዝ›› ብላ ወጣች። ከመስኮት ሳያት ባዶ ጋሪዋን እየጎተተች ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትሄድ ነበር። ወርጄ ልጠራት እችል ነበር፤ አልወረድኩም።

ሦስት ዓርብ ሳትመጣ ቀረች። ስንደውል ‹‹ደህና ነኝ፣ ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው›› ትላለች። ሚስቴ ነገሩን ሰምታ ‹‹ሂድና እግሯ ላይ ውደቅ›› አለችኝ። እሺ እላለሁ፤ ግን ቁጥሩን ልለጥፍ፣ አንቴናውን ልተካ እያልኩ አውሮፕላኑን ምክንያት አደርጋለሁ። ብትሰድበኝ፣ ለዘመድ ብታሳጣኝ ይሻለኝ ነበር። ‹‹ራሴን አሞኝ ነው›› የሚለው ግን ጋራዥ ድረስ ተከትሎኝ ይሄድ ነበር። እናቴ ቤቴን ትታ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ትርኢቱም አምስት ቀን ቀረው።

በመጨረሻ ከሥራ ስወጣ ካርናፉን በካርቶን አድርጌ ወደ ቤት ኤሊዔዘር ሄድኩ። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ምናልባት ባዶ እጄን እግሯ ላይ መውደቅ አፍሬ ይሆናል።

በሩን ከፍታ ካርቶኑን ስታይ ‹‹አመጣኸው?›› አለችኝ፤ ስትጠብቀው የኖረች ይመስል። ጠረጴዛዋ ላይ ጥቁር ፌስታል አለ። ከውስጡ ሁለት የጫማ ቀለም ቆርቆሮዎችና አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አወጣች።

‹‹ከሹክ፣ ከገበያው ገዛሁት። ጥቁሩ ለጭሱ፣ ቡኒው ለጭቃው። ነይ ያላችሁኝ ቀን አንተ ታሳየኛለህ፣ እኔ አቆሽሸዋለሁ ብዬ።››

ሦስት ሳምንት ሙሉ የኔን ይቅርታ ስትጠብቅ የቆየች መስሎኝ ነበር። ለካ እሷ ናት ይቅርታ ልትጠይቀኝ የተዘጋጀችው።

‹‹ወለሉን ግን ተወው›› አለች። ተቀመጠችና የጫማ ቀለሙን ክዳን ከፈት ዘጋ ታደርግ ጀመር። ‹‹ያ ያንተ አልነበረም።››

‹‹ምኑ?››

‹‹የኔ ነበረ።››

አየኋት። እሷ ቆርቆሮውን ነው የምታየው።

‹‹እህትህን አርግዤ ሰባት ወሬ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ኤምባሲው ግቢ ውስጥ ተቀምጠን፣ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ማቶሱ፣ አውሮፕላኑ። ወንበር የለ፣ መተላለፊያ የለ። ፊት ለፊቴ አማቴ፣ ጎኔ ቄሱ። የት ልሂድ? ማንን ልጠይቅ? በምን ቋንቋ? ያዝኩት፣ ያዝኩት፣ አመለጠኝ።›› ክዳኑን ዘጋችው። ‹‹አንተ ጭኔ ላይ ተኝተሃል። አነሳሁህና እርጥቡ ላይ አስቀመጥኩህ። እንቅልፍህን እንኳ አልለቀቅህም። ሱሪህ እስኪርስ ጠበቅሁና ‹ውይ፣ ይኼ ልጅ!› አልኩ። ሁሉም ሳቀ።››

‹‹አባዬ ያውቅ ነበር?››

‹‹ሳያውቅ ሞተ። ያንን ልጅ ጥርሱን የሰበርከው ቀን ልናገር ብዬ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። አባትህ ቀበቶውን ፈታ፣ እኔ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ይኸው እስካሁን እንደተቀመጥኩ ነኝ።››

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላትና ፈገግ አለች። ‹‹በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት እኮ። አንዱ ወታደር በእጁ ተይው ተይው ይለኛል፤ እምቢ አልኩ፣ ወለሉ ደርቆ እስኪነጣ ጠረግሁት። እዚህ አገር ሳልደርስ ስፖንጃ ጀመርኩ ማለት ነው።›› ሳቀች።

እኔ ግን ‹‹አንቺ ከመጥረግ ሌላ ምን ታውቂያለሽ›› ያልኩት ድምፄ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። እግሯ ላይ ልወድቅ ከወንበሬ ተነስቼ ጎንበስ ስል በሁለት እጇ ትከሻዬን ያዘችኝ።

‹‹ተው፣ ወለሉ እርጥብ ነው›› አለችኝ። እውነትም አሁን ገና ጠርጋው ነበር። እንዲህ ሆኖ ይቅርታዬ መሀል መንገድ ላይ ቀረ፤ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ብሩሹን ሰጠኋት። ጥቀርሻ ወዴት እንደሚሳብ አሳየኋት፤ ክንፉ ላይ በጣቷ ትንሽ ትንሽ እያደረገች ሳበችው። ሆዱ ላይ የቀባችው ቡኒ ቀለም ከኔ ዱቄት የተሻለ ጭቃ ሆነ። ሥራው ሲገባት አፏን ገጥማ፣ አንገቷን ሰብራ ቀባች። ወደ ከፈትኩት የኋላ በር ግን እጇ አልቀረበም። እኔም የተፋቀውን ቦታ በንጹሕ ግራጫ ቀባሁት።

በትርኢቱ ዕለት አንድ መነጽራም ሽማግሌ ካርናፉን ለረጅም ጊዜ ዞሮ ዞሮ አየው። እሱም ሞዴል ሠሪ መሆኑ ያስታውቃል። ውጪው እንዲህ ደክሞና ቆሽሾ ወለሉ ለምን እንዲህ ንጹሕ ሆነ፣ ያን ሁሉ ሰው የጫነ አውሮፕላን አይደለም ወይ ብሎ በዕብራይስጥ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጥ አጎቴ ከኋላ ‹‹ሰማይ ላይ የሸናው እሱ ነው!›› ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሳቁ ውስጥ ዓይኗን ዓይኔ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

‹‹አዎ›› አልኩ። ‹‹እኔ ሸናሁ፣ እናቴ ጠረገች።››

ሰው የበለጠ ሳቀ። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። በሚቀጥለው ዓርብ ጋሪዋን እየጎተተች መጣች።

ይህን ለመጻፍ ሳስብ ሄጄ ጠየቅኋት። አማቷም ቄሱም ሞተዋል፤ ነገር ግን የሚያውቃት ሰው እያንዳንዱ ሕንፃ ላይ አለ። ‹‹ስም አትጥራ›› አለችኝ። ‹‹የኔንም፣ ያንተንም፣ የማንንም።›› ቃል ገባሁላት። ያችን የክፉ ቀን ንግግሬን በተመለከተ እስከ ዛሬ በአፌ ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ባነሳው ቁጥር ‹‹ተው›› ትለኛለች፤ እኔም ተው ስለተባልኩ ደስ እያለኝ እተዋለሁ፤ በዚያም አፍራለሁ።

ልወጣ በሩን ስከፍት ጠራችኝ።

‹‹ከጻፍከው አይቀር›› አለችኝ፣ ‹‹ጠርጋዋለች ብለህ ጻፍ።››

ጠርጋዋለች። ሁለቱንም ጊዜ።