የስምንተኛው ቀን ምላጭ

የተያዝሁት አምባ ጊዮርጊስ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ነጭ የነርስ ጋዋኔን እንደለበስሁ ነው። ወንጀሌ ለግብር የመጡ መሬት ለኪዎችን ካባረሩት ገበሬዎች የቆሰለውን አንዱን ማከሜ ነበር። ጎንደር ወህኒ ቤት አምጥተው የሴቶቹ ክፍል ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት፣ ጭድ ላይ ተቀምጣ ጨቅላ ያቀፈች የኮሶዬ ሴት ነው። ባሏ ጫካ ስለገባ በሱ ፋንታ እሷን ከነአራስነቷ አስረዋታል።

በኛ አገር ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ካልተገረዘ እናቱን እንቅልፍ አይወስዳትም። ቀኑ ሲደርስ የወህኒ ቤቱን ሹም ለምና ገራዥ አስፈቀደች። ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጡ። ከኩታቸው ጫፍ ምላጭ ፈትተው በአውራ ጣታቸው ሞከሩት። ስለቱ ላይ የደረቀ ደም አየሁ።

ሕፃኑን ከእናቱ ወስጄ ቆምሁ።

«አያ፣ ይህ ምላጭ ሳይቀቀል ልጁን አይነካም።»

«ምነው ልጄ? ስንቱን ገርዤበታለሁ፤ ሸጋ ምላጭ ነው።»

በእንዲህ ያለ ምላጭ ተገርዘው፣ ቁስላቸው ላይ አመድ ተነስንሶ፣ መንጋጋቸው ተቆልፎ ጤና ጣቢያ የመጡ ሕፃናት አይቻለሁ። ጡት መያዝ ያቅታቸዋል። እነሱን ካየሁ ወዲህ ዘበኛ አያስፈራኝም።

ሹሙ ጭቅጭቁን ሰምቶ መጣ። በከዘራው ገፋ አደረገኝና፣ ለምላጩ መቀቀያ ማገዶ የሚገባው ለጥፋቴ እዚሁ በሰው ፊት ይቅርታ ስጠይቅ መሆኑን ነገረኝ።

«የሰው ቁስል አጠብሁ። ጥፋት አላጠፋሁም።»

እናትየው እግሬ ላይ ወደቀች። «እህቴ፣ ይቅርታውን በይለት። ቀኑ እንዳያልፍብኝ።»

ቃሉ ከአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ግን ዛሬ ለማገዶ ይቅርታ ካስባለኝ ነገ የገበሬዎቹን ስም እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ወደ ሽማግሌው ዞርሁ።

«አያ፣ ከዚህ ወዴት ይሄዳሉ?»

«ወደ ሹሙ ቤት ነዋ። የእሳቸውም ልጅ ዛሬ ስምንት ቀኑ ነው።»

«በዚሁ ምላጭ?»

«ታዲያ በምን? ያለኝ እሱ ነው።»

ሹሙ ከዘራውን ዝቅ አደረገ። ምላጩን አየ፤ እኔን አየኝ። ሳቄ መጣ፣ ዋጥሁት። «ድስትና ማገዶ አምጡ!» ብሎ ዘበኞቹ ላይ ጮኸ። ውሃው ፈልቶ ምላጩ ከተቀቀለ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ወደ እሱ ቤት ይሂድ አለ።

«ይሂድ» አልሁት። «ሲመለስ ግን ለኛም እንደገና ይቀቀላል። ድስቱ ከዚህ አይነሳም።»

ድስቱም አልተነሳም።

ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ተመለሱና ምላጩን ራሳቸው ድስቱ ውስጥ ከተቱት። እጃቸውን በሳሙና አስታጠብኋቸው። ሲገርዙ፣ ከጋዋኔ ቀድጄ በቀቀልሁት ጨርቅ ደሙ እስኪቆም ቁስሉን ያዝሁ። አመድ የቋጠሩበትን ጨርቅ ሲያወጡ ትክ ብዬ አየኋቸው፤ መልሰው ከተቱት። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ጡት ያዘ። እናትየው እልል አለች። ዘበኛው ዝም በይ ቢላት ደገመችው፤ የክፍሉ ሴቶችም ሁላችን ተቀበልናት።

በማግስቱ ሹሙ መጥቶ የእሱም ልጅ ደህና ማደሩን ነገረኝ። «አሁንስ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ?» አለ። የተቀደደውን ጋዋኔን እስከ አንገቴ ቆልፌ ፊቱ ቆምሁ።

«አልጠይቅም።»

ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ ታሰርሁ። ዛሬ አርጅቻለሁ። ጎንደር አራዳ መንገድ ላይ ጠጉሩ የሸበተ ጎልማሳ ሲያልፍ፣ የእስረኛዋ ልጅ ይሆን ወይስ የሹሙ እላለሁ፤ መለየት አልችልም። ይቅርታውን ግን እስካሁን አልጠየቅሁም።