አባዬ በጆሮው የሚያነበው ኮሚክስ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በልደታ ኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት፣ ነዋሪው “ኮሚናል” በሚለው አዳራሽ ውስጥ፣ ኮሚክስ የምናነብ ሰዎች እንሰበሰባለን። በሥራ ቀን ሜክሲኮ አደባባይ ያለ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳይ ሳይ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ግን ዜና አቅራቢ ነኝ። ስለ ሱፐርሂሮ ኮሚክስ በሳምንቱ የተወራውን ከስልኬ ለቃቅሜ በአማርኛ አቀርባለሁ። የትኛው ተከታታይ ታሪክ እንደሚቋረጥ፣ የትኛው ሠዓሊ እንደተቀየረ፣ ሞተ የተባለው የትኛው ጀግና ሊመለስ እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። አብዛኞቻችን ሠላሳን ያለፍን ነን። “ይሄ የልጆች ነገር አይደለም እንዴ?” መባልን ለምደነዋል።

አባዬን እዚያ የወሰድኩት ኮሚክስ ይወዳል ብዬ አልነበረም። ፍርድ ቤት ውስጥ በጸሐፊነት ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ግላኮማ የሁለቱንም ዓይኑን ብርሃን ወሰደበት። ጋዜጣ ሲይዝ ማስታወቂያው ሳይቀር አንብቦ የሚጨርስ ሰው፣ ሬዲዮውን ታቅፎ ሶፋ ላይ ቀረ። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ “ተኝቷል በያቸው” ይለኝ ጀመር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን። አንድ ቅዳሜ ጃኬቱን አቀበልኩትና፣

“ና፣ ዜና ሳቀርብ ትሰማኛለህ” አልኩት።

“የምን ዜና?”

“የሱፐርሂሮ።”

ትንሽ አሰበና እጁን ወደ ጃኬቱ እጅጌ ዘረጋ። ዜና የምትለዋ ቃል ትመስለኛለች ያስነሳችው።

በዚያን ቀን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሰማኝ። ከዜናው በኋላ እንደ ልማዳችን የአንዱን ኮሚክስ ገጾች በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርተን፣ እኔ ንግግሩን እየተረጎምኩ ማንበብ ጀመርን። መሃል ላይ ሁሉም ሳቀ።

“ምን አይታችሁ ነው የሳቃችሁት?” አለ አባዬ።

መልሱን የሰጠው አብነት ሰፈር የልብስ ስፌት ቤት ያለው ጓደኛችን ነው።

“ጋሼ፣ ሰውየው ሊበር ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ትልቅ ካባ ለብሷል። ግን ገበር የለውም። ገበር የሌለው ጨርቅ በነፋስ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፣ አንገቱ ላይ ነው የሚጠመጠምበት። ሠዓሊው ልብስ ሰፍቶ አያውቅም።”

አባዬ ሳቀ። የሱን ሳቅ ከሰማሁ በጣም ቆይቼ ነበር፤ ገጹን ማዞር ረስቼ ቆምኩ።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም በቃል ማንበብ ልማድ ሆነ። መጀመሪያ ላይ አንችልበትም ነበር። “አንድ ሰው ቆሟል” ብለን ልናልፍ ስንል አባዬ አይለቀንም። ፊቱን ወደ እኛ ነው ወይስ ጀርባውን የሰጠን? ብርሃኑ በየት በኩል ነው የሚመጣው? ከኋላው ያሉት ሰዎች እሱን ነው የሚያዩት ወይስ ሌላ ነገር? ለመመለስ እንደገና ስናይ፣ ስንትና ስንት ነገር ሳናየው እናልፍ እንደነበር ገባን። ንባቡ በጣም ተንቀራፈፈ። ሰልችቷቸው የቀሩም አሉ፤ አልፈርድባቸውም። የቀረነው ግን ሌላ ዓይነት አንባቢ ሆንን።

አባዬ ሲከራከር ደግሞ የፍርድ ቤት ሰው መሆኑ ይታወቃል። አንድ ቀን፣ ከተማውን ለማዳን ሲል የሞተ አንድ ጀግና ተመልሶ ሊመጣ መሆኑን በዜና ተናገርኩ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። አባዬ ግን፣

“የሚመለስ ከሆነማ ምኑን ጀግና ሆነ? ሞትን የሚፈራው የማይመለስ ሰው ነው” አለ።

መልስ የሰጠችው የሥዕል ትምህርት የጨረሰች፣ ብዙም የማትናገር አንዲት ልጅ ናት። “ጋሼ፣ እንደሚመለስ የምናውቀው እኛ ነን እንጂ። እሱ ሲሞት አያውቅም” አለችው።

“ልክ ነሽ” አለ አባዬ። “ይህን ክርክር ተረትቻለሁ።”

እሱን መርታቷ ድፍረት ሰጣት መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሷን ሥራ ይዛ መጣች። ለማንም አሳይታ አታውቅም። ታሪኩ እዚሁ ልደታ ሕንፃ ሥራ ላይ በቀን ሠራተኝነት ስለምትሠራ ሴት ነው። የሚወድቅ ነገር በእጇ ከነካችው ይቆማል፤ ግንብ ይሁን፣ ሰው ይሁን። ልጅቷ የመጀመሪያውን ገጽ ራሷ በቃል አነበበችለት።

“ስንት ሰዓት ነው?” አላት።

“ጠዋት ነው ጋሼ።”

“እንግዲያው ፀሐይ በምሥራቅ፣ በሜክሲኮ በኩል ናት። የሴትየዋ ጥላ ወዴት ወደቀ?”

ልጅቷ ሥዕሏን አየችው። ጥላ አልሠራችም። ወስዳ እንደገና ሣለችው፤ ያንን አንድ ገጽ ስንት ጊዜ እንደቀየረችው እሷ ትወቅ። ልብስ ሰፊው ካባ አይደረግላትም ብሎ ሙግት ገጠመ፤ የሥራ ጃኬት አለበሳት፣ ኪሱ የት እንደሚሰፋና ጫፉ እንዴት እንደሚዘመዘም ሳይቀር ወሰነ። አባዬ ንግግሩን አሳጠረ። “የቀን ሠራተኛ እንደ መግለጫ ሰጪ አትናገርም” እያለ ግማሹን ቃል አስወጣው። እኔ አነብለታለሁ፣ እሱ ይሰርዛል። ጠዋት ቁርስ ስናደርግ ሳይቀር “ያ አራተኛው ገጽ ላይ ያለው ቃል አልተመቸኝም” ይለኛል። ሬዲዮው ተከፍቶ ከዋለ ቆየ።

ገጾቹ አልቀው በመጽሐፍ ሲታተሙ ሜክሲኮ ያለ አንድ ካፌ ፎቁን ለአንድ እሑድ ከሰዓት ሰጠን። ጎረቤቶቻችን መጡ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። የአባዬ የድሮ ባልደረቦችም ሰምተው መጡ፤ “ተኝቷል” እያልኩ የመለስኳቸው ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ የአባዬን እጅ ይዞ፣ ሐዘን በቀላቀለ ድምፅ፣

“አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? የሥዕል መጽሐፍ ነው አሉ እኮ” አለው።

“አንባቢ ነኝ” አለው አባዬ።

ሠዓሊዋ ንግግር እንድታደርግ ተጠራች። ማይኩን ያዘችና ወደ አባዬ ዞራ፣ “ይህን መጽሐፍ ከማንም በፊት ያነበቡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ይጀምሩልኝ” አለች። ይህ በፕሮግራሙ ላይ አልነበረም። አባዬን ክንዱን ይዤ ላነሳው ስል ራሱ ተነስቶ ቆመ።

“መጽሐፉን የያዛችሁ ዝጉልኝ” አለ።

ሰው ዘጋ።

“ጠዋት ነው። ፀሐይዋ ገና ወጥታለች። አንዲት ሴት ከእንጨት መወጣጫ ላይ ቆማለች፤ ጀርባዋን ሰጥታናለች፣ ፊቷን ገና አናውቀውም። ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች። የጃኬቷ ቀኝ ክርን ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ከታች ባቡሩ ሊቆም ነው፤ በመስኮቱ ሰዎች ተጨናንቀው ይታያሉ፣ ሁሉም ስልካቸውን ነው የሚያዩት። አንዲት ሴት ብቻ ቀና ብላ ወደ ላይ ታያለች። የጀግናችን ጥላ ግድግዳው ላይ ወደ ጦር ኃይሎች በኩል ወድቋል፤ ከራሷ ይረዝማል። ምንም ንግግር የለም። አሁን ግለጡት።”

ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ሰዉ ሥዕሉን ያያል፣ ቀና ብሎ አባዬን ያያል፣ ደግሞ ሥዕሉን ያያል። ያ የድሮ ባልደረባው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና ገጹን ወደ ፊቱ አስጠግቶ በጣቱ ክርኑን፣ መስኮቱን፣ ጥላውን እየነካ ፈለገ። ሁሉም ነበሩ። ጭብጨባው የተጀመረው ከኋላ በኩል ነው።

እኔ ከአባዬ ጎን ቆሜ ነበር። ሰው በአባቱ የሚኮራው ልጅ ሳለ ይመስለኝ ነበር፤ አባት ትልቅ ሆኖ በሚታይበት ዕድሜ። በዚያ እሑድ ያ ኩራት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ደረቴን ሞላው። ዞር ብዬ ለማላውቃት ተማሪ፣ “አባቴ ነው” አልኳት። ሳትጠይቀኝ ነው የነገርኳት።

ሰዉ ለፊርማ ተሰልፎ ሳለ፣ ነጭ ዘንግ የያዘች አንዲት ጎልማሳ ሴት በእህቷ ተመርታ ወደ አባዬ መጣች። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሱቅ እንዳላት ነገረችው።

“ቅዳሜ ቅዳሜ እንደዚህ ነው የምታነቡት?” ብላ ጠየቀችው።

“እንደዚህ ነው። ብትመጪ ደስ ይለናል። ግን መከራከር አለብሽ፤ ዝም ብሎ ሰሚ አንፈልግም።”

መጣች። ለካ ጀግኖቹ አይጥሟትም፤ የምትወደው ክፉዎቹን ነው፣ ምን እንደሚፈልጉ በግልጽ የሚያውቁት እነሱ ናቸው ትላለች። አባዬ በዚህ ፈጽሞ አይስማማም። ባለፈው ቅዳሜ ሁለቱ በአንድ ክፉ ሰው ፈገግታ ላይ፣ የእውነት ነው የውሸት በሚል፣ ሙግት ገጥመው አልላቀቅ አሉ። እኛ ዓይን ያለን ሰዎች አፉን ደግመን ደጋግመን አይተን ልንገላግላቸው አልቻልንም።