ጫፏ የተቀደደች ባንዲራ

እማማ የማዘጋጃ ቤቱ ልብስ አጣቢ ናቸው። የመነጽራቸው እጀታ ስለተሰበረ በክር ከጆሯቸው ላይ አስረውታል። የክብር ቀብር በተፈጸመ ማግስት፣ የሬሳ ሳጥኑን ያለበሷት ባንዲራ ወደ እሳቸው ትመጣለች። ለቀብር ያለችው እሷው ብቻ ናት። ሳጥኑ ጉድጓድ ሊገባ ሲል ትገፈፋለች፤ ከዚያ ታጥባ ለሚቀጥለው ሟች ትቀመጣለች።

አፈሩን አራግፈው፣ ለብቻዋ በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቧታል።

አንድ ጠዋት ኃላፊው ሠራተኛውን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ የባንዲራዋን ታሪክ ሲያስተምር፣ "ቀዩ የጀግኖቻችን ደም ነው፤ ዘላለም አይደበዝዝም!" አለ።

እሳቸው ከገንዳው ቀና ሳይሉ፣ "አጥቦ አያውቅማ!" አሉ።

የተተረተረውን ሁሉ በመርፌ ይጠቅማሉ፤ ስፌታቸው ተፈልጎ አይገኝም። አንዱ ጫፏ ብቻ እንደተቀደደ ነው።

ሲተኩሷት አጠገባቸው ቆሜ፣ ጫፏን እያሳየሁ፣ "እማማ፣ ይቺን ረሷት እንዴ?" አልኳቸው።

"ምን እረሳለሁ ልጄ" አሉ ካውያውን እየጫኑ። "የኔውን ልጅ ስቀብር፣ አለቅም ብዬ ስጎትታት ነው የተቀደደችው። ከእጄ መንጭቀው ወሰዷት። በማግስቱ እጠቢ ብለው አመጡልኝ።"